ማጭድ፣ ጉጠት፣ የጆንያ መርፌ፦ የወፍን ምንቃር በምን ቃል እንግለጸው?

[ምስል፦ ማለዳ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ መስክ]

ወፍ ስታዩ ከቀለሟ በፊት ምንቃሯን እዩ። ቀለም በፀሐይና በጥላ ይለዋወጣል። ምንቃር ግን ምን እንደምትበላ ይነግራችኋል።

ችግሩ ብዙዎቻችን «ሹል ነው» ብለን ማለፋችን ነው። ሹል የወስፌም ነው፣ የጦርም ነው። የተሻሉ ቃላት አሉን፤ ገበሬው ቤት ተሰቅለዋል።

[ምስል፦ ጋጋኖ መስክ ላይ]

ጋጋኖ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ታች የጎበጠ ምንቃር አለው። ማጭድ በሉት። እርጥብ አፈር ውስጥ እየሰካ ትል ያወጣበታል።

[ምስል፦ ጣርማበር፣ የመንገድ ዳር ቁራ]

ይሄን ቁራ ግን ረጋ ብላችሁ እዩት። ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የለም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ምንቃሩ ከጭንቅላቱ ይረዝማል። ወፍራም ነው፤ ጀርባው ጉብ ብሎ ጫፉ ላይ ነጣ ይላል። ለዚህ «ትልቅ» ማለት አይበቃም። እኔ ጎራዴ እለዋለሁ፤ አሠራሩም እንደዚያው ነው። እበት ሲያገኝ ግራ ቀኝ እየጠረገ ይበትንና ውስጡ ያለውን የጥንዚዛ እጭ ይለቅማል።

[ምስል፦ ምንቃር በቅርበት]

የምንቃር ውስጡ አጥንት ነው። ሽፋኑ እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ ነው። ሲሠራበት ይፋቃል፣ መልሶ ያድጋል። እንደ ማጭድ ዶልዱሞ አይቀርም።

[ምስል፦ የሸዋሮቢት ማሽላ]

ወደ ቆላው እንውረድ። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የዋለ ሰው ግሪሳን አይረሳም። ምንቃሯ አጭር፣ ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ሾጣጣ ነው። ጉጠት ነው፤ ፍሬውን ጨምቆ ገለባውን ይፈለቅቃል። ቀይ ነው፤ የሴቷ ግን በመራቢያ ወቅት ቢጫ ይሆናል።

አበባ የምትቀስመው፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው ትንሽ ወፍ ደግሞ የጎበጠ የጆንያ መርፌ አላት። የጥንብ አንሳው መንጠቆ ነው፤ ሥጋ ይቦጭቃል።

[ምስል፦ የአንኮበር ገደል]

መጨረሻ ያስቀመጥኩት የምወደውን ነው። ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. አንኮበር አካባቢ ያገኙት፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በአንኮበር ስም የተሰየመው ትንሽ ወፍ። ዘመዶቹ ጉጠት የያዙ ጥሬ ፈልቃቂዎች ናቸው። የእሱ ምንቃር ግን ቀጠን ይላል። ላባው አፈር የመሰለ ዥንጉርጉር ስለሆነ በቀለም ብትፈልጉት ያመልጣችኋል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ በሉና በጎኑ እስኪዞር ጠብቁት።