ዩኒፎርም እስክትለብስ፦ የማሪና ሰርቲስ የቴሌቪዥን ጉዞ

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል፣ መስታወት]

አንዲት ሴት ከእንቅልፏ ትነቃለች። ያለችበት ክፍል ጨለማ ነው፤ የት እንዳለች አታውቅም። መስታወት ፊት ስትቆም ፊቷ የሷ አይደለም። ጆሮዋ ሾሏል። ግንባሯ ሌላ ሆኗል። የለበሰችው የጠላት መኮንን ልብስ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ይገባና እንዲህ ይላታል፦ ከአሁን በኋላ የስለላ ድርጅቱ ሜጀር ነሽ፤ ከተነቃብሽ ሁለታችንም አለቀልን።

ይህ በ1993 የታየ የ«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ክፍል ነው፤ በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ መኮንኖች የሚተርክ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ። ሴትዮዋ ዲያና ትሮይ ናት። የምትተውናት ደግሞ ማሪና ሰርቲስ። ዛሬ የማወራችሁ ስለሷ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

[ምስል፦ የለንደን ምሥራቃዊ ሰፈር]

ማሪና በ1955 ለንደን ተወለደች። ወላጆቿ ግሪካውያን ናቸው፤ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች። እናቷ የልብስ ሰፊ ረዳት ነበሩ። ይህን ልብስ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ቤተሰቧ ትወናውን አልወደደላትም። እሷ ግን ሄዳ ተፈተነች፤ ጊልድሆል የሚባለው ታዋቂ የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ገባች። በ1976 ወርዚንግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቲያትር ቤት ሥራ ጀመረች። እዚያም የሼክስፒርን ኦፊሊያ ተጫውታለች።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። አንድ ክፍል እዚህ፣ አንድ ክፍል እዚያ። ካራክተር ተዋናይ የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው። ታሪኩ የሱ አይደለም። አሥር ደቂቃ ትሰጠዋለህ፣ በአሥር ደቂቃው ሙሉ ሰው ሆኖ ይወጣል። ተመልካቹ ስሙን ባያውቅ እንኳ «ይቺን ልጅ የሆነ ቦታ አውቃታለሁ» ይላል። ማሪና ጥቁር ፀጉር ያላት፣ ፊቷ ሜዲትራኒያንን የሚያስታውስ ሴት ናት። የመጡላትን ሥራዎች እዩዋቸው። በ1977 ታሪኩ ቀርጤስ ደሴት ላይ የሆነ የቢቢሲ ድራማ። በ1986 በሼርሎክ ሆልምስ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ሉክሬዚያ የምትባል ጣሊያናዊት። የለንደን ልጅ ናት፤ ካሜራው ፊት ስትቆም ግን የሩቅ አገር ሰው ትሆናለች።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ሄደች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተዋናይ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ፈተና፣ መጠበቅ፣ እንደገና ፈተና። በ1987 ቪዛዋ ሊያበቃ ሆነ። ወደ ለንደን ልትመለስ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ሳለ ስልክ ተደወለ። ስታር ትሬክ ውስጥ ገብተሻል ተባለች።

[ምስል፦ የሁለቱ ተዋናዮች ፎቶ ጎን ለጎን]

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። ማሪና መጀመሪያ የታሰበችው ለመርከቧ የጥበቃ ኃላፊ ነበር፤ መሣሪያ ታጥቃ ለምትፋለመዋ ሴት። ለአማካሪዋ ለዲያና ትሮይ የታሰበችው ደግሞ ዴኒዝ ክሮዝቢ የምትባል ሌላ ተዋናይ ነበረች። የተከታታዩ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ አየና ሁለቱን አቀያየራቸው። ተዋጊዋን አማካሪ፣ አማካሪዋን ተዋጊ አደረጋቸው።

ትሮይ አባቷ የሰው ልጅ፣ እናቷ የሌላ ፕላኔት ሰው ናት። የሌላው ሰው ስሜት ይሰማታል። ለዚህ ሲባል ማሪና ዓይኗን ጥቁር የሚያደርግ ሌንስ ታደርግ ነበር። አነጋገርም ፈጠሩላት፤ በምድር ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘዬ። ማሪና ይህን አነጋገር ራሷ ፈልጋ አበጀችው። ከዚያ የትሮይ እናት ብቅ አለች። የተጫወተቻት የሮደንቤሪ ባለቤት ማጄል ባሬት ስትሆን የምትናገረው ጥርት ባለ አሜሪካዊ ቅላጼ ነው! ታዲያ ልጅቷ ይህን ዘዬ ከማን ወረሰችው? ማሪና በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ አለሰለሰችው።

አሁን ወደ ልብሱ። የመርከቧ መኮንኖች በሙሉ ዩኒፎርም ይለብሳሉ። ትሮይም የማዕረግ መኮንን ናት። ግን ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ዩኒፎርሙ ቀረና ሰውነቷ ላይ የተጣበቀ፣ ደረቱ ክፍት የሆነ ልብስ ተሰጣት። ከካፒቴኑ ጎን ተቀምጣ ብዙ ጊዜ የምትለው «ንዴት ይሰማኛል»፣ «ፍርሃት ይሰማኛል» ነው። እኔ እነዚያን ክፍሎች ሳይ ያናድደኛል። አንዲት የተማረች የሥነ ልቦና ባለሙያ እዚያ ተቀምጣ ማንም ፊቱ ላይ የሚያነበውን ነገር ትናገራለች። ማሪና ያላትን ይዛ ትሠራ ነበር። አንገቷን ትንሽ ዘንበል ታደርጋለች፣ ዓይኗ ተናጋሪውን ትቶ ወደ ዝምተኛው ይሄዳል። ንግግር ባይሰጣትም የምታዳምጥ ሰው ነበረች። ማዳመጥን መተወን ደግሞ ከባድ ነገር ነው።

ለውጡ የመጣው በ6ኛው ሲዝን፣ በ1992 መጨረሻ ነው። ለጊዜው ጄሊኮ የሚባል ኮስታራ ካፒቴን ይመጣል። ትሮይን ያያትና በሥራ ሰዓት እንደማንኛውም መኮንን ዩኒፎርም እንድትለብስ ያዛታል። በታሪኩ ውስጥ ጄሊኮ የማይወደድ ሰው ነው። እኔ ግን ለዚህች ትእዛዝ ብቻ አመሰግነዋለሁ። ማሪናም በኋላ በቃለ ምልልሶች ደጋግማ ተናግራዋለች፤ ዩኒፎርሙ ሲመጣ የትሮይ ጭንቅላትም አብሮ ተመለሰ።

እውነቷን ነው። መጀመሪያ ላይ ያወራሁላችሁ የመስታወቱ ክፍል የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ1994 ደግሞ ትሮይ ለከፍተኛ ማዕረግ ትፈተናለች። መርከቧ ልትፈነዳ ነው። ደጋግማ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች። በመጨረሻ ይገባታል፦ መፍትሔው ጓደኛዋን ጆርዲን ወደማይመለስበት ቦታ መላክ ነው። ጆርዲ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው፤ እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ትእዛዙን ስትሰጥ ማሪናን ተመልከቷት። ድምጿ አይንቀጠቀጥም፤ የሚከብዳት መሆኑ የሚታየው ፊቷ ላይ ነው። የሰው ስሜት የምታነበዋ ሴት የራሷን ስሜት ውጣ ታዛለች።

ተከታታዩ በዚያው ዓመት አለቀ። እሷም ወደ ድሮው ሥራዋ፣ ወደ አጫጭር ሚናዎች ተመለሰች። «ጋርጎይልስ» በሚባለው የካርቱን ተከታታይ ዲሞና ለምትባለው ፍጡር ድምጿን ሰጠች። በ2000 «ስታርጌት» በሚባለው ተከታታይ ሩሲያዊት ሳይንቲስት ሆነች። በ2004 በ«ክራሽ» ፊልም የኢራናዊው ባለ ሱቅ ሚስት። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር አግኝቷል። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ «ኤንሲአይኤስ» በሚባለው ተከታታይ የእስራኤል የስለላ ድርጅት፣ የሞሳድ ዳይሬክተር። ጣሊያናዊት፣ ሩሲያዊት፣ ኢራናዊት፣ እስራኤላዊት፤ ሁሉም ከአንዲት የግሪኮች ልጅ ከሆነች የለንደን ሴት ወጡ።

[ምስል፦ የእንጨት ቤት፣ የጓሮ አትክልት]

በ2020 ትሮይን እንደገና አየናት፣ በ«ስታር ትሬክ፦ ፒካርድ»። ራቅ ያለ ፕላኔት ላይ ከባሏና ከልጇ ጋር ትኖራለች። ወንድ ልጃቸው ሞቷል። የቀድሞ ካፒቴኗ አንዲት ግራ የተጋባች ወጣት ይዞ እንግድነት ይመጣል። ዩኒፎርም የለም፣ የተጣበቀ ልብስም የለም። የቤት ልብስ ለብሳ ጓሮዋ ውስጥ ቆማለች። ወጣቷ ማንንም አታምንም። ትሮይ ከተክሉ ላይ ቲማቲም ትቀጥፍና ትሰጣታለች። ከዚያ ዝም ብላ፣ ልጅቷ ስትቀምሰው ታያታለች።