ጣራውን ከመፋቃችሁ በፊት

የተከበራችሁ የአሮጌ መኪና ወዳጆች፣ ባትላሜራዎችና ቀለም ቀቢዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጣራ ነው፤ ስለ መርሴዲስ 230 ኤስኤል ተነቃይ የብረት ጣራ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1963 ጄኔቫ ላይ ታየች። የዚህ ዓይነት መኪና ምርት እስከ 1971 ቀጠለ። ከተከታዮቿ ከ250 ኤስኤል እና ከ280 ኤስኤል ጋር በጠቅላላው 48,912 ተሠርተዋል። ጣራዋ መሃሉ ዝቅ፣ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ ነው፤ እንደ ሩቅ ምሥራቅ ቤተ መቅደስ ጣራ ስለሚመስል «ፓጎዳ» የሚል ቅጽል የወጣላትም ለዚህ ነው። ጎኖቹ ከፍ በማለታቸው የበሩ መስታወት ይረዝማል፤ መግባትና መውጣትም ይቀላል። ሐሳቡ የመሐንዲሱ የቤላ ባሬኒ ነው። መልኩን ያወጣላት ፖል ብራክ ነው። እኔ እንዲህ ያለ የሚያምር ጣራ ሌላ መኪና ላይ አላየሁም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ፋብሪካው ውስጥ መጀመሪያ ያልቅ የነበረው የላሜራው ሥራ ነው። ጣራው ከገዛ መኪናው ጋር ይለካ፣ ክፍተቱም ይስተካከል ነበር። ከሌላ ፓጎዳ የመጣ ጣራ ብዙ ጊዜ አልገጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የቦዲው ቁጥር ኮፈኑ ላይም፣ ጣራው ላይም ተመትቷል። ቁጥሮቹ ከተመሳሰሉ ጣራው የራሷ ነው። እባካችሁ ይህን ቁጥር በስቱኮ አትድፈኑት! አንድ ጊዜ ከተደፈነ የጣራው መታወቂያ ጠፋ ማለት ነው።

ከላሜራ በኋላ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። መስታወቱ፣ ጎሚኒው፣ ክሮሙና የውስጥ ልብሱ ይገቡ የነበረው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ይሄ ከሆነ፣ ጎሚኒው ሥር ያለው ላሜራ ቀለም ሊኖረው ይገባል። ጎሚኒው ራሱ ግን ቀለም አይነካውም። ጎሚኒው ጠርዝ ላይ የቀለም ብናኝ ካያችሁ አንድ ሰው ሳይፈታ በወረቀት ሸፍኖ ቀብቷል። ክሮሙን ስታነሱ ከሥሩ ሌላ ቀለም ብቅ ካለ ደግሞ ምናልባት የመጀመሪያውን ቀለም አገኛችሁት ማለት ነው። ፀሐይ ያልነካው፣ ማንም ያልወለወለው ቀለም ነው። ለናሙና ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ቀለሙ ከቦዲው ቢለይ ቶሎ «ተቀይሯል» አትበሉ። ገዢው ጣራውን በሌላ ቀለም ማዘዝ ይችል ነበር። የመኪናዋ ዝርዝር የተጻፈበት የፋብሪካው ካርድ ላይ ያለውን የቀለም ኮድ አይታችሁ ፍረዱ።

ጣራውና ቦዲው አንድ ዓይነት ቀለም ከሆኑ ደግሞ ከአንድ የቀለም ብጥብጥ፣ በአንድ ቀን ቅቧቸው። የፓጎዳ በሮች፣ ኮፈንና የኋላ ክዳን አሉሚኒየም ናቸው። ለአሉሚኒየም የሚሆነውና ለብረት የሚሆነው አንቲረስት ይለያያል። ላዩ ላይ የሚታየው ቀለም ግን አንድ መሆን አለበት። ጣራውን ለብቻው ሌላ ጋራዥ ልኮ ማስቀባት ርካሽ ይመስላል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ልዩነቱ ያሳብቃል።

ሁሉም የስፖርት መኪና ጣራ እንዲህ አይደለም። ኮርቬት እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ተነቃይ ጣራ በምርጫ ያቀርብ ነበር፤ የጃጓር ኢ-ታይፕም ነበረው። ሁለቱም ፋይበርግላስ ናቸው። ዝገት የለባቸውም፤ ግን ያለ ልክ ከፋቃችኋቸው ቃጫው ይወጣል።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ካሜራ አንሱ። እያንዳንዱን ክሮም ስትፈቱ ከሥሩ ያለውን ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በየቦታቸው በየፌስታሉ አድርጋችሁ ጻፉባቸው። የልብሱን ቁራጭ፣ የጎሚኒውን ቁራጭ አትጣሉ። ፎቶዎቹን ከመኪናዋ ሰነድ ጋር ለባለቤቱ አስረክቡ፤ ቀጥሎ የሚፈታው ባለሙያ ይጠቀምባቸዋል።

ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ። አመሰግናለሁ።