ሶሻል ነበርኩ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ። ማቀዝቀዣው ከጮኸ ይቅር በሉኝ። ነቅዬው ነበር፣ ከዚያ ሥጋው ትዝ አለኝ።

ባለፈው ሰሞን ከአንዲት አድማጭ መልእክት ደረሰኝ። "እኔም እንዳንቺ አካውንቲንግ ነው የተማርኩት። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ግን ሶሻል ነበርኩ። ይቻላል?" ትላለች። ሦስት ቀን ሙሉ መልስ ሳልሰጣት ቆየሁ። "ይቻላል" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እኔ ራሴ ግን ገና መንገድ ላይ ነኝ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ስለዚህ የደረስኩበትን ብቻ ላውራችሁ።

የያዘችኝ "ሶሻል ነበርኩ" የምትለዋ ነገር ናት። እኔ 10ኛ ክፍልን የጨረስኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። ያኔ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትፈተናላችሁ፣ ውጤት ከመጣላችሁ መሰናዶ ትገባላችሁ፣ እዚያ በር ላይ ናቹራል ወይስ ሶሻል ትባላላችሁ። ሶሻል ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ የሚባል አያይም። ሕክምና የሚገባውም ናቹራሉ ነው። እኔ ያኔ 16 ዓመቴ ነበር። ጫማ እንኳ እናቴ ነበረች የምትመርጥልኝ።

ቤት ውስጥ "ሒሳብ ትችላለች፣ ባንክ ትገባለች" ይባል ነበር። እውነቱን ካወጣነው ግን ኬሚስትሪን ፈርቼ ነው። የእኛ ዘመን ኬሚስትሪ የፕላዝማ ኬሚስትሪ ነው። ታስታውሱታላችሁ? ክፍሉ ፊት ለፊት የተቀመጠው ቴሌቪዥን፣ ውስጡ በእንግሊዝኛ የሚሮጥ አስተማሪ። ሠንጠረዡን ገልብጡ ይላችኋል፣ እስክሪብቶ ሳታነሱ ሠንጠረዡ የለም። ከዚያ መብራት ይሄዳል። ትምህርቱ በሳተላይት የሚመጣ ነውና መብራት ሲመለስ እኛን ቆሞ አልጠበቀንም። ስለ ሞል፣ ማለትም ኬሚስትሪ ቅንጣቶችን ስለሚቆጥርበት መለኪያ፣ የሚያስተምርበት ቀን መብራት አልነበረም። ቀልዴን አይደለም። ሞል ምን እንደሆነ ያወቅኩት በ32 ዓመቴ ነው። በመሃል ያሉትን 16 ዓመታት "እኔ ሳይንስ አይገባኝም" እያልኩ ነው የኖርኩት።

በዲቪ መጣሁ። አሁን የአንድ ትንሽ ድርጅት ሒሳብ እይዛለሁ። ለቤት ኪራይ መደጎሚያ ደግሞ ማታ ማታ በስልክ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ሌሊት ከድንገተኛ ክፍል ተደወለ። (ሴትየዋ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) እናት ናቸው፣ 60ን ያለፉ። "ልቤን ያቃጥለኛል ልጄ" አሉኝ። እኔም ቃል በቃል ልባቸውን ብዬ ተረጎምኩ። ወዲያው ሩጫ ተጀመረ። በስልኩ ይሰማኛል፤ የአልጋ ጎማ፣ የመጋረጃ ቀለበት፣ ኢሲጂ (የልብ መመርመሪያውን) አምጡ የሚል ድምፅ። እኔ ደንገጥ አልኩ። ምክንያቱም የእኔ እናት "ልቤን አቃጠለኝ" ስትል ጨጓራዋን ነው። ሽሮው ላይ በርበሬ በዝቷል ማለት ነው።

አስተርጓሚ ዝም ብሎ ጥልቅ አይልም፣ ወግ አለው። ራሳችሁን እንደ ሌላ ሰው ጠርታችሁ ነው የምትጠይቁት። "አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች" አልኩ። ከዚያ "እማማ፣ የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩዋቸው" አልኳቸው። ነርሷ ከእምብርት በላይ፣ ከደረት በታች እያሳዩ ነው አለች። ጨጓራ! ኩራቴን አትጠይቁኝ፤ ሰው ያዳንኩ መሰለኝ። ሐኪሙ አመሰገነኝ። ኢሲጂውን ግን አላስቆመም። ጭራሽ የደም ምርመራ ጨመረበት።

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። እኔ ነገሩን ፈታሁት ስል እሱ ገና መጀመሩ ነበር። ለምን? አስተርጓሚ ለራሱ ጥያቄ አይጠይቅም። ስልኩ ተዘጋ። እማማ ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። የዚህ ሥራ ክፋቱ ይሄው ነው፣ መጨረሻውን አትሰሙም።

በኋላ ነው ያነበብኩት። ከልብና ከጨጓራ የሕመም ስሜት የሚያመጡ ነርቮች ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገቡት ተጠጋግተው ነው። አንጎል ከየት እንደመጣ ይምታታበታል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ሴቶች፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ላይ ደግሞ ሃርት አታክ ቃር መስሎ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ የፈራው ያንን ነው። እንግዲህ አማርኛችን ሁለቱንም "ልቤን" ማለቱ ያን ያህል አልተሳሳተም።

በማግስቱ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሄድኩ። እዚህ ሕክምና ከ12ኛ ክፍል ቀጥሎ አይገባም፣ መጀመሪያ የ4 ዓመት ዲግሪ ነው። ዲግሪው በምን እንደሆነ ደግሞ ግድ የላቸውም። ታሪክ ይሁን፣ ሙዚቃ ይሁን፣ አካውንቲንግ ይሁን። የሚጠይቁት ቅድመ ኮርሶቹን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሁሉም ከነላብራቶሪው። ላዩ ላይ ብዙዎቹ ባዮኬሚስትሪ ይፈልጋሉ። ዲግሪው ከውጭ ከሆነ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች አሜሪካ ውስጥ የተወሰደ ተጨማሪ ክሬዲት ይጠይቃሉ። ይህን ቀድማችሁ አጣሩ፣ እኔ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያዋ አማካሪ ወረቀቴን አየችና "ነርሲንግ ብትሞክሪስ?" አለችኝ። ነርስነት ትልቅ ሥራ ነው። ግን ጥያቄዬ ሌላ ነበር።

የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና፣ ከ100 54። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሥራ ገባሁ። ችግሩ ኬሚስትሪው አልነበረም። ሎጋሪዝም ረስቻለሁ፣ አሃድ መቀየር ረስቻለሁ። ሁለት ወር የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ከዩቲዩብ ተማርኩ። አካውንታንትነት የጠቀመኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኬሚካላዊ እኩልታ ማመጣጠን ዴቢትና ክሬዲት ነው። ኦርጋኒክ ስትደርሱ ግን እሱም አይሠራም።

አንድ ማታ ላብራቶሪ ውስጥ ታይትሬሽን (በቤዝ ጠብታ የአሲዱን መጠን መለካት) ነበረን። ከላይ ቢዩሬት በሚባል ረጅም ቱቦ ውስጥ ቤዝ፣ ከታች ብልቃጥ ውስጥ አሲድ፣ አሲዱ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፊኖልፍታሊን፣ ቀለም ቀይሮ የሚያመለክተው። ጠብ እያደረጋችሁ ብልቃጡን ታሽከረክራላችሁ። ሮዝ ቀለም ይመጣና ይጠፋል፣ ይመጣና ይጠፋል። ፈዘዝ ያለች ሮዝ መጥታ ሳትጠፋ ስትቀር ያቺ ናት፣ እዚያ ታቆማላችሁ። አንድ ጠብታ ካለፈ ብልቃጡ ሙሉ ቀይ ሥር ይመስላል፣ እንደገና መጀመር ነው። ሦስት ጊዜ አለፈብኝ። አብራኝ የምትሠራው የ19 ዓመት ልጅ ናት፣ ቤቷ መሄድ ፈልጋለች፣ በጨዋነት ዝም አለች። በአራተኛው ያዝኳት። ከነጭ ወረቀት በላይ ይዤ ሳያት ሮዝ መሆኗን ለመናገር ታስቸግር ነበር። አስተማሪው "በቃ፣ አትንኪው" አለኝ። በፕላዝማ ይሄን አሳይተውን ይሆናል፤ መብራት ኖሮ ከነበረ።

ከፊቴ ኤምካት አለ። የመግቢያ ፈተናው ማለት ነው፣ ከእረፍቱ ጋር 7 ሰዓት ተኩል፣ ከ528 የሚታረም። አራት ክፍል አለው። አንዱ ንባብ ነው፣ 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ ጽሑፎቹ ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚ፣ ምንም ሳይንስ የሌለበት። ሌላው ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ነው። ፈተናው ግማሹ ሶሻል ነው ማለት ይቻላል! ናቹራሎቹ እዚያ ላይ ሲያለቅሱ ነው የምሰማው። እኔም አለቅሳለሁ፣ በእንግሊዝኛው ፍጥነት።

ሶሻል ሰው ሐኪም ይወጣዋል ወይ ለሚል ደግሞ፣ ኒውዮርክ ያለው የማውንት ሳይናይ ሕክምና ትምህርት ቤት ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሂውማኒቲስ (እንደ ታሪክና ፍልስፍና ያለ) ተማሪዎችን ያለ ኤምካት እየተቀበለ አስተምሯል። በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እነዚህ ልጆች በመጀመሪያው የቦርድ (የሐኪምነት ፈቃድ) ፈተና ትንሽ ዝቅ ቢሉም በጠቅላላው ከጓደኞቻቸው እኩል እንደተራመዱ ያሳያል። አገር ቤት ያላችሁ ግን አትሳሳቱ። በ2004 ዓ.ም. ዲግሪ ላላቸው የተከፈተው የሕክምና ፕሮግራም እንኳ ለጤናና ለተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቃን ነበር።

ለእማዬ የነገርኳት በቫይበር ነው። "ስንት ዓመት ነው?" አለች። ኮርሱና ማመልከቻው 2፣ ትምህርቱ 4፣ ሬዚደንሲ፣ ከምረቃ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና፣ ቢያንስ 3። ዕድሜዬ ላይ ደመረችው። "43! እና ልጁ መቼ ነው የሚወለደው?" መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ይሄን ጥያቄ በቀልድ የማልፈው እንዳይመስላችሁ፣ ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ። ሁለት ቀን ዘጋችኝ። በሦስተኛው ቀን ደወለች። "ጉልበቴን ሲያመኝ አደረ። ምን ልዋጥ?"

"እማዬ፣ እኔ ገና ፊዚክስ ላይ ነኝ።"

"እሺ፣ ፊዚክሱ ምን ይላል?"

ለጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። ማታ አንድ ኮርስ ውሰጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድ፣ ከነላብራቶሪው። ከዚያ ጻፊልኝ፣ 54 ብታመጪም ጻፊልኝ። የስልክ ፈረቃዬ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል፣ ማቀዝቀዣውም ጮኸ። ደህና እደሩ።