«መጀመሪያ ይሠልጥኑ» ላላችሁኝ አሠሪዎች

የተከበራችሁ የሆቴል፣ የዳቦ ቤትና የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ውድ ወላጆች፣ እንደምን አደራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈው በሥልጠና ነው። ሻማ መሥራት ሠለጠነ። ምንጣፍ መሥራት ሠለጠነ። የወረቀት ከረጢት መለጠፍም ሠለጠነ። እናታችን የምስክር ወረቀቶቹን በመስታወት አድርጋ ሳሎን ሰቅላቸዋለች። ከሦስቱ አንዱም ግን ደመወዝ አላስገኘለትም።

እንደ ወንድሜ ያሉ ሰዎችን እንድትቀጥሩ ከእናንተ ብዙዎቻችሁን ቢሮአችሁ ድረስ መጥቼ አነጋግሬአችኋለሁ። በክብር ተቀብላችሁኛል፣ ሻይም ጋብዛችሁኛል። መልሳችሁ ግን አንድ ነበር፦ «መጀመሪያ ይሠልጥኑ፣ ከዚያ እንቀጥራለን።» ዛሬ የምለምናችሁ ይህን ቅደም ተከተል እንድትገለብጡት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ወንድሜ አንድ ቦታ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ ይዞ መሄድ ይከብደዋል። በማሠልጠኛው ሳህን ማጠብ ቢለምድም፣ በእናንተ ወጥ ቤት ቧንቧው በሌላ በኩል ሲሆን፣ ሳሙናው በሌላ ዕቃ ሲቀመጥ፣ ሥራው እንደ አዲስ ይሆንበታል። ስለዚህ መማር ያለበት በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራበት ዕቃ፣ አብረውት ከሚውሉት ሰዎች ጋር ነው። ይቀጠራል፣ አጋዥ አጠገቡ ይቆማል፣ እየሠራ ይማራል፤ ሲለምድ አጋዡ ቀስ በቀስ ይርቃል። በድጋፍ የሚደረግ ቅጥር ማለት ይኸው ነው።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ማርክ ጎልድ የተባለ አሜሪካዊ መምህር፣ ምንም አይችሉም የተባሉ ሰዎችን 15 ክፍሎች ያሉት የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተማረ። ሥራውን በጥቃቅን እርምጃዎች ከፋፈለ፣ ንግግር ቀነሰ፣ በእጁ አሳየ። ተማሪው ካልገባው መጀመሪያ የሚመረመረው የማስተማሪያው መንገድ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1986 ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ይህን ዓይነቱን ቅጥር በስሙ ጠርቶ ደነገገ።

እኛም የሞከርነው እንዲሁ ነው። አንድ ሆቴል ወንድሜን በልብስ ማጠቢያ ክፍል ፎጣ እንዲያጥፍ ቀጠረው። ፎጣ ማጠፍን በአሥራ አንድ እርምጃ ከፋፈልኩት። አራተኛው ላይ ሁልጊዜ ይሳሳት ነበር፤ ጠርዙን ከየት እንደሚያገናኝ ይጠፋበታል። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩለት፤ ከዚያ በኋላ አልተሳሳተም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀን አብሬው ቆምኩ፣ ቀጥሎ እስከ ምሳ ሰዓት፣ ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ቀን። ከማስተማሩ ይልቅ መራቁ ከበደኝ። በር ላይ ቆሜ እያየሁት እጄን መሰብሰብ አቅቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን ፈረቃው መለወጡን ማንም ሳይነግረው ቀረ። በተለመደው ሰዓት መጥቶ ቦታውን ሌላ ሰው ይዞት አገኘው። እያለቀሰ ወደ በሩ ሄዶ ማታ ድረስ እዚያው ቆመ። ያን ቀን ሥራው ያበቃ መስሎኝ ነበር። አጠገቡ የምትሠራ አንዲት ሴት ግን ከዚያ ወዲህ ለውጥ ሲኖር ቀድማ ማታውን ልትነግረው ቃል ገባች፣ ጠበቀችም። ዛሬ አጋዡ እርሷ ናት፤ እኔን በወር አንድ ጊዜ ብቻ ትጠራኛለች።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። አሠሪው ሠራተኛው ሥራውን ወይም ሥልጠናውን እንዲያከናውን የሚያግዝ ረዳት እንዲመድብም ይላል። ረዳት የሚለው ቃል በሕጋችን ከተጻፈ ዓመታት አልፈዋል፤ በየሥራ ቦታው ግን እምብዛም አላየሁትም።

ደመወዙን በተመለከተ ደግሞ፣ እባካችሁ የኪስ ገንዘብ አታድርጉት። ወንድሜ ሙሉ ደመወዝ ስለሚያገኝ የክፍሉ ሠራተኞች ዕቁባቸው ውስጥ አስገብተውታል። ሰብሳቢዋ ስትመጣ ብሩን ቆጥሮ የሚሰጣት እርሱ ራሱ ነው፤ ዕጣው የወጣለት ቀን እናታችን የሰማችው ከእርሱ አፍ ነው።

ስብሰባው ሲያበቃ በሩ አጠገብ እገኛለሁ። ከየድርጅታችሁ አንድ ሥራ ብቻ ንገሩኝ፤ በቀን አራት ሰዓት የሚፈጅም ቢሆን ይበቃል። ሰኞ ጠዋት መጥቼ ሥራውን በእርምጃ እከፋፍላለሁ፣ ማክሰኞ እንደ ወንድሜ ካለ አዲስ ሠራተኛችሁ ጋር እመለሳለሁ።