ስለ ዝንቡ ማን ይናገር?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ከዓመታት በፊት ለምርምር ገንዘብ ልጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ኃላፊው ማመልከቻዬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ዝንብ መቁጠር ለአገር ምን ይጠቅማል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ስለ ዝንቡ ክንፍ ሁለት ሰዓት ማውራት እችላለሁ፤ የማንን በሬ እንደሚገድል በሁለት ደቂቃ መናገር ግን አልተማርኩም። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህ ጥያቄ የገጠማቸው ሌሎችም አሉ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥራ። በ1975 ዊልያም ፕሮክስማየር የተባሉ የአሜሪካ ሴናተር «ጎልደን ፍሊስ» የሚል ሽልማት ጀመሩ። ስሙ ሽልማት ይሁን እንጂ ሥራው ማሳፈር ነበር። የሕዝብ ገንዘብ አባክኗል ያሉትን መሥሪያ ቤት በአደባባይ ይጠሩበታል። የመጀመሪያው የደረሰው የአገሪቱን የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። ሰው ለምን ፍቅር እንደሚይዘው ለማጥናት 84,000 ዶላር ሰጠ ተብሎ። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲነበብ አዳራሹ ይስቃል። አንድ ተመራማሪ ብቻውን ያንን ሳቅ ሊመልሰው አይችልም።

ማኅበራት ግን ይችላሉ። በ2012 ጂም ኩፐር በተባሉ የምክር ቤት አባል ሐሳብ «ጎልደን ጉስ» የተሰኘ ሽልማት ተጀመረ፤ የወርቅ እንቁላል የምትጥለዋ ዝይ ማለት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ በ1848 የተቋቋመው የአሜሪካ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር ነው። ሽልማቱ የሚሰጠው ሲጀመር ዋጋ ቢስ መስሎ በኋላ አገር ለጠቀመ ምርምር ነው።

በ2016 ከተሸለሙት ሥራዎች አንዱ የዝንብ ወሲብ ጥናት ነበር። አዎ፣ የዝንብ። ይህ ዝንብ እንቁላሉን በከብት ቁስል ላይ ይጥላል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በሕይወት ያለውን እንስሳ ሥጋ ይበላል። ኤድዋርድ ኒፕሊንግና ሬይመንድ ቡሽላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ልብ አሉ፤ ሴቷ በአብዛኛው የምትገናኘው በሕይወቷ አንዴ ብቻ ነው። ታዲያ ወንዱን በጨረር አምክነን ብንለቅስ? በ1954 ኩራሳዎ በተባለች የካሪቢያን ደሴት ሞከሩት፤ ዝንቡ በወራት ውስጥ ከደሴቱ ጠፋ። ቆይቶም ከአሜሪካ ምድር ተጠራረገ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማርቢያ ማዕከል አለን። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ገንዲን፣ ማለትም ይህ ዝንብ የሚያስተላልፈውን የከብት በሽታ፣ ለመዋጋት ወንድ ዝንቦች እዚያ ተረብተው በዚያው ዘዴ ይመክናሉ። ገንዲ የገባበት ቀበሌ በሬ ጠምዶ ማረስ ምን እንደሚመስል ከእናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁ አይታችኋል።

አሁን ወደ ዘዴው ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። ፋሴብ የሚባል የባዮሎጂ ማኅበራት ኅብረት አለ፤ በ1912 የተመሠረተ። ለምክር ቤት አባላት ከሚያዘጋጃቸው ነገሮች አንዱ አጭር ወረቀት ነው። በእርስዎ የምርጫ ክልል ይህን ያህል የምርምር ገንዘብ ገብቷል ይላል። የኅብረቱ ተመራማሪዎችም በየጊዜው ወደ ዋሽንግተን ሄደው ከተመረጡላቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ። ተመራጩ ስለ ጂን ምንም ላያውቅ ይችላል። ስለ መራጩ ግን ያውቃል።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ። ደጋግመን ለራሳችን አበልና መኪና ብቻ ከጠየቅን፣ በኋላ ስለ በሬው ስናወራ ማንም አያምነንም። ያልደረስንበትን መድኃኒት ደርሰንበታል ማለትም እንዲሁ ነው። እርግጠኛ ያልሆንበትን እርግጠኛ አይደለንም እንበል።

ስለዚህ ከእያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ እለምናለሁ። በአማርኛ፣ ወይም ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ። ምን እንደምታጠኑ፣ የትኛው ወረዳ እንደሚጠቀም፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ። የላቲን ስም አታስገቡ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ ደርሰን በር ብናንኳኳ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። ገጾቹን እስከ ጥር መጨረሻ እንሰብስብ፤ የካቲት ላይ ለየአካባቢው ተወካይ በእጃችን እናደርሳለን። የመጀመሪያውን እኔ ጽፌ ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ዝንቡ ነው።