ሰው የማያስጨንቅ ፎርም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ከሐዋሳ ነው የማወራችሁ። ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ደንበኞቼም በብዛት እዚሁ ከተማ ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ ወይም ሱቅ ያላቸው ናቸው። ሲመጡ "እንዲያምር አድርግልኝ" ይሉኛል። ይመር፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ቀለም ከመምረጤ በፊት ፎርሙን ነው የማየው፤ ሰው የሚጨነቀው እዚያ ላይ ነውና።

በቅርቡ አንድ ፔንሲዮን ድረ ገጹን እንዳሻሽልለት ሰጠኝ። አልጋ ሊይዙ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ስልኬን ሰጥቻቸው "እስቲ በዚህ ይሞክሩልኝ" አልኳቸውና አጠገባቸው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ "እሱን ይጫኑ፣ እዚህ ጋ" ለማለት ምላስ ይበላል። ከነገርኳቸው ግን ድረ ገጹ አልተፈተነም። ስማቸውን ጻፉ። ስልክ ቁጥራቸውን እንደለመዱት ሁለት ሁለቱን እያራራቁ ጻፉ። "ላክ" የሚለውን ነኩ። በቀይ "ልክ ያልሆነ ግቤት" አለና የጻፉት በሙሉ ጠፋ። ቀና ብለው "ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ።

ምንም አላጠፉም! በቁጥሮቹ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ማውጣት ለኮምፒውተሩ ምንም አይደለም፤ እንዲያወጣ ያላዘዘው ፎርሙን የሠራው ሰው ነው። እውነተኛ ስህተት ካለም የቱ ሳጥን ላይ እንደሆነ ይነገር። "የስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል" ቢባል ማን ይደነግጣል? የተጻፈውም እንዳለ ይቆይ። ደግሞ ሳፋሪኮም ከመጣ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር አለ፤ ዛሬም 09ን ብቻ የሚቀበሉ ፎርሞች ያጋጥሙኛል።

ስምስ? እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። "የቤተሰብ ስም" የሚል ሳጥን ሲመጣ አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። "ሙሉ ስም" የሚል አንድ ሳጥን ይበቃል። የልደት ቀን ላይ ወሮቹ 12 ብቻ ከሆኑ ጳጉሜን የተወለደ ሰው የት ይግባ? ዓመቱም ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ስለሚለይ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሞላ ከሳጥኑ አጠገብ ይጻፍ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ "መግቢያ 8 ሰዓት" ለእኛ ከምሳ በኋላ ነው፣ ለውጭ እንግዳ ግን ጠዋት። ሐዋሳ ሁለቱም ይመጣሉ፣ ሁለቱንም መጻፍ ነው።

ቀለምን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቀትር ላይ ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ስልካችሁን ክፈቱ። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ይታያችኋል? ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር፣ ማለትም በፊደሉና ከጀርባው ባለው ቀለም መካከል ያለ የብርሃን ልዩነት፣ ይጠይቃል።

ጃኮብ ኒልሰን የሚባለው የዘርፉ ባለሙያ በፈረንጆቹ 2000 ላይ 5 ሰው ካስሞከራችሁ አብዛኛው ችግር ይወጣል ብሎ ጽፎ ነበር። እኔም አዲሱን ፎርም ለእንግዳው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ በር ላይ ለሚቆመው የባጃጅ ሾፌር እየሰጠሁ ነው። ሾፌሩ ስልኩን በአንድ እጁ ነው የሚይዘው፤ አውራ ጣቱ ስላልደረሰለት "ላክ" የሚለውን ወደ ታች አወረድኩት፣ ሰፋም አደረግኩት።

እናንተንም ያስቸገራችሁ ፎርም ካለ የቱ ሳጥን ላይ እንደቆማችሁ በድምፅ ላኩልኝ። ሰላም ሰንብቱ።