ዘፋኙ መቼ ይገባል?

የሐዋሳ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። የፍቅር ሐይቅ ሽርሽራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናደምጠውን አልበም ሰሞኑን ለጎረቤቴ አሰምቼው ነበር። ሁለት ሥራዎችን በትዕግሥት ሰማና «ጥሩ ነው፤ ዘፋኙ መቼ ይገባል?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሰምና ወርቅ ስንፈትሽ ያደግን ሰዎች ነን። ያለ ድምፃዊ የተሠራውን ሁሉ «ክላሲካል» ብለን፣ ዜና እስኪደርስ ማቆያ አድርገነዋል። ይሁንና ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በሳክስፎን ሲያንቆረቁረው ግጥሙ የት አለ ያለ ሰው አላውቅም።

አልበሙ አሜሪካዊው ጊታሪስት ጆ ሳትሪያኒ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሰርፊንግ ዊዝ ዘ ኤሊየን» ነው። አንድ ስንኝ ሳይኖርበት በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 29ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። ሰውየው ጊታር ለመያዝ የወሰነው በ14 ዓመቱ፣ የታዋቂውን ጊታሪስት የጂሚ ሄንድሪክስን ሞት በሰማበት ዕለት ነው። ኋላም መምህር ሆኖ ጊታሪስቶቹን ስቲቭ ቫይንና የሮክ ባንዱን የሜታሊካን ከርክ ሃሜትን አስተማረ። ተማሪዎቹ ቀድመውት ስመ ጥር ሆኑ፤ እሱ ግን የመጀመሪያ አልበሙን ወጪ የሸፈነው በክሬዲት ካርድ ነበር። ጊታር የምናስተምር ሰዎች ይህቺን ታሪክ እንወዳታለን።

የአልበሙን ስም የያዘው ሥራ ፍጥነት ያስደንቃል፤ እኔን ግን ብዙም አይዘኝም። ከበሮውም በአብዛኛው የማሽን ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ይደርቅብኛል። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው «ሚድናይት» የተሰኘውን አጭር ሥራ ነው። በእሱ ላይ ቀኝ እጅ ክር መምታቱን ይተዋል። ወደ ጊታሩ አንገት ወጥቶ፣ ከግራ እጅ ጎን ጣቶቹን ክሩ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ ድምፅ ያወጣል። ክራር የምትጫወቱ ቶሎ ይገባችኋል። ክራር ስንመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ይይዛሉ፤ የሚፈለገውን ብቻ ይለቁታል። ግራ እጃችን ሥራው ዝም ማሰኘት ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ሁለቱም እጆች ያዜማሉ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማ ሁለት ሰው የተቀመጠ ይመስላል።

ቀጥሎ የምናሰማችሁ «ኦልዌይስ ዊዝ ሚ፣ ኦልዌይስ ዊዝ ዩ» ዝግ ያለ ነው። ጊታሩ አንዱን ድምፅ ስቦ ሲያቆየው፣ ድምፃዊ ትንፋሹን ይዞ ቃሉን የሚያስረዝምበትን ቦታ ታገኙታላችሁ።

ጎረቤቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ስልካችሁን ዝጉልኝ፤ የማጫወቻውንም ድምፅ ከፍ አድርጉት።